የተጨመረው ዓይን

ተናኘወርቅ ልጇ ደረጀ ከጦርነት ከተመለሰ ወዲህ በየጠዋቱ ቤተ ክርስቲያን መሳለሙን እንደ ትልቅ በረከት ይዛው ነበር። ሸዋ በር ሰፈር ያለውን ሱቋን ስትከፍት ለሚሰማትም ለማይሰማትም ታወራለች። የቀረው ነገሩ ግን አያስወራም። አይስቅም፤ በግ ሲታረድ ከግቢ ይወጣል፤ የሚተኛው ቁጭ ብሎ ነው።

አንድ ቀን ተከተለችው። ልጁ የቆመው ከቅዱስ መርቆሬዎስ ሥዕል ፊት ነበር፤ የሚያየው ግን ቅዱሱን አይደለም። ከፈረሱ ኋላ የሚከተሉትን፣ የውሻ ፊት ያላቸውን ሁለት ሰው በላዎች ነው። ክው አለች።

መምሬ ኤልሳዕን ስትጠይቃቸው፣ ታሪኩ እያደር ያደገ መሆኑን አጫወቷት። መጀመሪያ የቅዱሱን አያት በሉ ብቻ ይባል ነበር። ቆይቶ፣ አባቱንም ሊበሉ ሲሉ የመልአክ እሳት ከቧቸው ገራም ሆኑ ተባለ። ኋላ ደግሞ ጸሐፊዎቹ ጨመሩበት፤ ጦርነት ሲመጣ የጥንት ተፈጥሯቸው ይመለስላቸዋል፣ ያኔ የሚችላቸው የለም። ተናኘወርቅ የያዘችው ገራም መሆናቸውን ብቻ ነው። የቀረውን ጆሮዋ አላስገባውም።

ሥዕሉ በዚያው ሰሞን ሊታደስ ነበርና ሰዓሊውን ኪዳነወልድን ሄዳ ያዘችው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ክፉ ሰው ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዓይን ይሳላል፤ ጻድቅ ግን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን። ሰው በላዎቹ ባለ አንድ ዓይን ነበሩ። ምሕረት ካገኙ ሁለተኛው ዓይን ይገባቸዋል አለች። ልጇም አብሮ ምሕረት የሚያገኝ መስሏት ነው። ኪዳነወልድ የድሮው ሰዓሊ ሳያውቅ አላደረገውም ብሎ አንገራገረ። እሷ ግን ስለቴ ነው ብላ ሙጭጭ አለች። ስለት ያለባትን ሴት ማን ይመልሳል? ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዙሮ ዓይኑን ጨመረላቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደረጀን እጁን ይዛ አሳየችው። ደስ ይለዋል ብላ ፊቱን ፊቱን ታየዋለች። አመድ መሰለ። ፈላና በር ሰፈር ወዳለው ቤታቸው በባጃጅ ሲመለሱ እየዞረ ኋላውን ያይ ነበር።

ራት ቀርቦለት ሳይነካው ነው አፉን የከፈተው።

«እማዬ፣ በየጠዋቱ የምሄደው እንዳልዞሩ ለማየት ነበር።»

«እነማን?»

«ሁለቱ። ቅዱሱን እያዩ እስከተከተሉት ድረስ እኔም ደህና ነኝ እል ነበር። አሁን የሚያዩት እኔን ነው።»

ነገ በጠዋት ኪዳነወልድን ለምኜ ዓይኑን አስጠፋዋለሁ አለችው። አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ጦር ሜዳ ያደረገውን አንድም ቀን ነግሯት አያውቅም፤ እሷም መልሱን ስለፈራች ጠይቃው አታውቅም።

ተነስቶ ወደ ክፍሉ ሄደ፤ ስትከተለው ቁልፉን ከውስጥ ነቅሎ እጇ ላይ አኖረው።

«ከውጭ ቆልፊው» አላት። «ብለምንሽም እንዳትከፍቺልኝ።»

ልታቅፈው እጇን ዘርግታ ነበር። ዓይኖቹን ስታይ ግን ጆሮዋ ያላስገባው የመምሬ ኤልሳዕ ቃል ትዝ አላት፤ በሩን ሳበችና ቆለፈችው።