ተቀባይ የጠፋበት ሠርግ

ፋሪዳ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ የታወቀች የሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ በሰፈሯ ግን ስሟ የሚነሳው በተቀባይነቷ ነው። ሠርግ በሆነ ቁጥር ዘፈን የሚያወርዱት ሌሎች ናቸው፤ እሷ ከኋላ ቆማ እያጨበጨበች ትቀበላለች። አንድም ቀን አውርዳ አታውቅም። «ይቺ ከሌለችማ ዘፈናችን ሜዳ ላይ ይቀራል» ይላሉ ሴቶቹ፤ እሷም ይኼ ይበቃታል።

በመጋቢት ወር ባንዱ ረፋድ ሽንኩርት ልታስጭን ቆጋ ግድብ ሄደች። የአይሱዙው ሾፌር ተስፋው ጫኞቹን ሲያጣድፍ፣ እሷ ከግድቡ ዳር ፊቷን ልትታጠብ ጎንበስ አለች። ሻሿ ሸርተት ብሎ ውሃ ውስጥ ገባ። ልትይዘው ስትንጠራራ ጭንቅላቷ እስከ ጆሮዋ ጠለቀ፤ ያን ጊዜ ሰማችው። ከጥልቁ የሚመጣ፣ ጥርት ያለ የሴት ድምፅ ነው።

«ሙሽራችን መጣች ማዕበሉን ፈትላ፣
አረፋውን ለብሳ አስመስላ ነጠላ።»

ከዚያ ዝም። የሚቀበል የለም። ድምፁ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ አሁንም ዝም። ፋሪዳ ሻሿን ረሳችው። የወረደ ዘፈን ተቀባይ አጥቶ ሲቀር መስማት ለሷ፣ የተዘረጋ እጅ ሳይጨበጥ ሲመለስ እንደማየት ነው። በሦስተኛው አላስቻላትም። ፊቷን ነክራ፣

«እሰይ! እሰይ የኛ ዓለም!» አለች።

ውሃው ቀጥ አለ። ወዲያው ከፊቷ አንዲት አሮጊት ብቅ አሉ፤ ሹሩባቸው አረንጓዴ ነው፣ ከወገባቸው በታች ቅርፊታቸው የሚያብለጨልጭ ዓሣ ናቸው።

«ቢስሚላህ! ጂኒ ነዎት?» አለች ፋሪዳ። ደንግጣም አንቱታውን አልረሳችም።

«ኧረ የምን ጂኒ! የሙሽራዋ አክስት ነኝ» አሉ አሮጊቷ። «ልጄ፣ ሠርጋችን ከተጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዘፈኑ ካልተቀበሉት አያልቅም፤ ካላለቀ ሙሽራ አትሰጥም። ተቀባያችን አርጅታ ድምጿ ተዘጋ። የቀረነው ሁላችንም ማውረድ እንጂ መቀበል አንወድም።»

«እኔ እኮ ዋና አልችልም።»

«በዘፈናችን ውስጥ ሰው አይሰምጥም። እስከተቀበልሽ ድረስ ውሃው ትንፋሽ ይሆንሻል። ካቋረጥሽ ግን ውሃ ያው ውሃ ነው።»

ፋሪዳ ወደ መኪናው ዞር ብላ አየች። ገና ግማሹም አልተጫነም።

«እንግዲያው ሽንኩርቴ እስኪጫን ብቻ» አለችና ገባች።

ከታች ሙሽራዋ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ መቀመጥ ሰልችቷት ጉንጯን ነፍታለች። የፋሪዳን ሻሽ ግን ማን እንዳቀበላት እንጃ፣ አሳምራ ራሷ ላይ አስራዋለች። ሙሽራው ጎኗ ሆኖ በጭራው አሸዋውን ይቆረቁራል። አክስትየው አወረዱ፤ ፋሪዳ ተቀበለች። ወዲያው ደረቷ ቀለል አላት። ዘፈኑ በጆሮዋ ብቻ አልነበረም የሚገባው፤ በጥርሷ፣ በጎድኗ፣ በጣቶቿ ጫፍ ይገባል። አምባዛዎች ጢማቸውን እያወዛወዙ ይዞሯታል። ሠርገኛው ሁሉ በየተራው አወረደ፤ እሷ አንዱንም ሳትጥል ተቀበለች። ከመካከላቸው አንድ ቀልደኛ ሽማግሌ ተነሱና፣

«ስንቱ ጎበዝ መጥቶ ደጇን ቢያንኳኳባት፣
ይኼ ልጅ ብቻውን በዋናው ረታት!»

አሉ። ሰሙ ውሃ ውስጥ መዋኘቱ ነው፤ ወርቁ ገብቷት ፋሪዳ በሳቅ ፈረሰች። ሳቀችና መቀበሉን ረሳች። ውሃው በአፍንጫዋ ግር ብሎ ገባ።

«ተቀበይ!» አሉ አክስትየው፣ ጀርባዋን እየደቁ።

«እሰ... እሰይ! እሰይ የኛ ዓለም!»

ትንፋሿ ተመለሰ፤ ሠርገኛው በሳቅ ግድቡን አናወጠው። በዚህ መካከል ዘፈኑ አለቀ፤ የመጨረሻው «እሰይ» ትንፋሽ ግን ገና ደረቷ ውስጥ ነበር። ሙሽራዋ ከድንጋዩ ተነስታ የሙሽራውን እጅ ሳይሆን የፋሪዳን እጅ ያዘች።

«አሁን ደግሞ እርስዎ ያውርዱልን» አለቻት።

«እኔ? እኔ እኮ ተቀባይ ነኝ።»

«ዛሬ እኛ እንቀበልሻለን» አሉ አክስትየው።

ፋሪዳ አፈረች። ያወረደችበት ቀን ቢፈለግ አንድም የለም። ዓይኗን ጨፈነችና ከየት እንደመጣላት ሳታውቅ፣

«ስሸጥ ኖሬ ኖሬ የሚያስለቅስ ዕቃ፣
እናንተን አየሁና ዕንባዬ አለ በቃ!»

አለች። ሦስት ቀን ሙሉ አልቀበልም ብሎ የከረመ ሕዝብ ባንድ ድምፅ «እሰይ!» አለ። አሁን ትንፋሽ የሆናት የእነሱ መቀበል ነው። ደጋግማ አወረደች፤ በመጨረሻው «እሰይ!» ላይ ማዕበሉ ብድግ አድርጎ ከዳር አስቀመጣት። ከልብሷ ጠብ የሚል ውሃ አልነበረም።

ተስፋው እየሮጠ መጣ።

«እትዬ ፋሪዳ! የት ጠፉብን? ውሃው ዳር ዳሩን ያጨበጭብ ነበር እኮ!»

«ራስህን ንከርና ስማ።»

አማተበና ነከረ። ጥቂት ቆይቶ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ አንገቱ፤ ከዚያ ወገቡ። ጫኞቹ ጆንያቸውን ጥለው ሳቁ። ተስፋው ውሃ እያንጠባጠበ ቀና ሲል አፉ እስከ ጆሮው ተከፍቷል።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ሠርግ ነው። በል፣ መኪናውን አስነሳ፤ መንገድ ላይ አስተምርሃለሁ።»

ቡሬ ሲገቡ ፋሪዳ በመስኮቱ ወጣ ብላ ታወርዳለች፤ ተስፋው ጥሩምባውን እየነፋ ይቀበላል። ድምፁ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ነው፤ ቦታውንም ይስታል። የባጃጅ ሾፌሮች መንገዱን ለቀው አጨበጨቡላቸው። ፋሪዳ አላረመችውም፤ ሌላ ግጥም ፈልጋ አወረደችለት።