የንግሥት እሌኒ እጅጌ

በእኛ ቤት ሁለት ንግሥቶች ነበሩ፤ ሁለቱም ግን ደጃችንን ረግጠው አያውቁም። የእኔዋ ሊጋያ ሮብሌስ ነበረች፣ የታላቅ እህቴ የአቴ ቻሪንግ ደግሞ ኢሳቤል ክሩዛት። አቴ የምንለው ታላቅ እህትን ወይም የምናከብራትን ሴት ነው። በዚያ ዘመን ከማኒላ አንስቶ እስከ እኛ ሐይቅ ዳር ድረስ ሰው ሲተዋወቅ መጀመሪያ ስም ይጠያየቃል፣ ቀጥሎ "የማን ነሽ?" ይባባላል። የሊጋያ ወይስ የኢሳቤል ማለት ነው። "ሁለቱንም እወዳለሁ" የሚል ሰው አላጋጠመኝም፤ ቢያጋጥመኝም አላምነውም ነበር።

ሊጋያ ጠይም ናት፣ አጠር ያለች፣ ወደብ ላይ የተቀቀለ በቆሎ እየሸጠች ያደገች። ፊልም ላይ ስታለቅስ ድምፅ አታሰማም። ዓይኗ ብቻ ይሞላል፣ የቀረውን ሲኒማ ቤቱ ያለቅስላታል። ኢሳቤል ቀይ ናት፣ ቁመቷ የተመዘዘ፣ ስትስቅ ጉንጯ የሚሰረጉድ። መደነስም ታውቅበታለች፤ እሱን አልክድም።

አቴ ቻሪንግም ቀይ ናት። እኔ ደግሞ ወደ ሊጋያ ነኝ። ጎረቤቶቻችን "እናታቸው ቻሪንግን በቀን ወለደቻት፣ ኢሲንግን በማታ" እያሉ ይቀልዱብን ነበር። እናታችን ስትሰማ እጃችንን ይዛ ታሳያቸዋለች፤ "ቀለሙን ተዉት፣ መርፌ ሲይዙ እዩአቸው" ትላለች። እሷ በከተማው አንደኛዋ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከአናናስ ቅጠል ክር በሚሸመነው ስስ ጨርቅ ላይ ጥልፉን ለእኔ አስተማረችኝ፤ እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ትከሻ ላይ የሚቆመውን እጅጌ ለአቴ ቻሪንግ። ለሁለታችንም ሁለቱን አላስተማረችም። እንዳንለያይ ብላ ይሆናል፤ አላወቀችንም።

በየዓመቱ በግንቦት መጨረሻ፣ መስቀሉን ላገኘችው ለንግሥት እሌኒ ክብር ሰልፍ እናወጣለን። የከተማው ቆነጃጅት ንግሥት ንግሥት ሆነው በአበባ ቅስት ሥር ይሄዳሉ፣ እሌኒ የሆነችው ከሁሉም ኋላ ትመጣለች። የምትከበረው የመጨረሻዋ ናት። አቴ ቻሪንግ በአሥራ ሰባት ዓመቷ እሌኒ ሆናለች። እኔ ያን ዕለት የቅስቷን አንዱን እንጨት ተሸክሜ ከጎኗ ሄድኩ፤ ከዚያም በኋላ ስድስት ዓመት ለስድስት ቀያይ እሌኒዎች ተሸክሜያለሁ። ጥቁር ልጅ እንጨት ይሸከማል እንጂ አይነግሥም። ማንም ሕግ ብሎ አልጻፈውም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል።

የተኳረፍነው ግን በዚህ አይደለም። የሁለቱ ተዋናዮች ፊልም በአንድ ቀን በአንድ ሲኒማ ቤት ወጣና እኛ ሊጋያውያን በግራ፣ እነሱ ኢሳቤላውያን በቀኝ ተሰለፍን። ነጠላ ጫማ ተወራወርን፤ እሱ ያለ ነው። አቴ ቻሪንግ ግን ከሰልፏ ብቅ ብላ "እኔ ከሰል ለማየት ሲኒማ ቤት አልገባም፣ ወጥ ቤቴ ሞልቶ የለም እንዴ!" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ስለ ሊጋያ እንደተናገረች አውቃለሁ። እኔ ግን ወጥ ቤቷ ውስጥ የምኖር እህቷ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ሳንነጋገር ኖርን። የምንለው ነገር ካለ በባሏ በኩያ ታሲዮ በኩል እንልካለን፤ ኩያ ለታላቅ ወንድም የምንለው ነው። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ያዝኩ፣ እሷ ለሌሎች ሱቆች እጅጌ ብቻ ትሠራለች። ከቤታችን ሙሉ ልብስ መውጣቱ ቀረ። የአድናቂ ማኅበሮቻችን በሁሉም ነገር ሲጣሉ በአንድ ሕግ ግን ይስማሙ ነበር፤ የሌላዋ ስታልፍ ጀርባ ይሰጣል። ፖስተሯም ቢሆን። አንዴ ለኢሳቤል ፖስተር ጀርባዬን እሰጣለሁ ብዬ የዓሣ ሻጭ ቅርጫት ውስጥ ቁጭ ብያለሁ።

በዘጠነኛው ዓመት የሰልፉ ደጋሽ የሆነችው እመቤት፣ ዶኛ ኡፔንግ፣ ቤታችን መጣች። "ሊጋያ ሮብሌስ እሺ ብላለች" አለችኝ። "የእኛ እሌኒ ትሆናለች። ልብሷን እናንተ ቤት እንዲሰፋ ነው የምፈልገው፣ ነፍሷን ይማርና እንደ እናትሽ ጊዜ። ትችያለሽ?"

"እንዴታ" አልኩ።

እጅጌ እንደማልችል ከአፌ አልወጣም። ሊጋያ፣ የእኔ ቀለም ያላት ሴት፣ በእኛ መንገድ ላይ ነግሣ ልትሄድ ነው፤ በእናቴ ቤት ልብስ። እንዴት ብዬ አልችልም ልበል? ሰልፉ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ቀሚሱ ግሩም ሆነ። ቅጠሉን፣ ሐረጉን፣ አበባውን ስጠልፍ ዘጠኝ ዓመት ዩኒፎርም ያደነዘዘው ጣቴ ነፍስ ዘራ። እጅጌው ግን አልቆም አለኝ። በሩዝ ውሃ አደረቅኩት፣ ተኛ። ሽንሽኑን አበዛሁት፣ ተኛ። ለሦስተኛ ጊዜ በስፒል ወጋግቼ አቁሜው ምሳ ልበላ ስቀመጥ በዓይኔ እያየሁት ቀስ ብሎ ወደቀ።

ሦስታችንም ገበታ ላይ ነበርን። ኩያ ታሲዮ ጎምዛዛ የዓሣ ሾርባውን ይጠጣል።

"ታሲዮ" አለች አቴ ቻሪንግ፣ ሳታየኝ። "እህቴን ጠይቅልኝ። የስፌት መኪናው ላይ የተንጠለጠለው ልብስ ነው ወይስ ዝናብ የመታው ዶሮ?"

"አጠገብሽ ናት፣ ሰምታለች" አለ።

"ጠይቅልኝ አልኩህ።"

"ኢሲንግ፣ ዶሮ ነው ወይ ትልሻለች።"

"ዶሮም ቢሆን የንግሥት ዶሮ ነው በልልኝ፣ ኩያ ታሲዮ።"

"የንግሥት ዶሮ ነው ትላለች። አሁን ዓሣዬን ልብላ?"

"ቆይ" አለች። ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ይኼ እጅጌ መንገድ ላይ ቢወድቅ የማን ወደቀ ነው የሚባለው? የእናቴ። አርባ ዓመት ያቆመችውን በአንድ ከሰዓት ልትጥልብኝ? እንዲያውም ሌላም አለ በላት። እኔ ኢሳቤል ሊጋያን ትበልጣለች ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ግን እጅጌዋ የወደቀባትን ሴት በለጠች እንዲባልልኝ አልፈልግም። ትብለጣት፤ በደንብ ለብሳ እያለች ትብለጣት።"

ኩያ ታሲዮ ወደ እኔ ዞረ። "ይኼንን ሁሉ ልድገምልሽ?"

"ተወው" አልኩ። "ታዲያ ምን ትላለች በልልኝ።"

"እሠራዋለሁ በላት። ግን ማንም አያውቅም፤ ማኅበሬ ከሰማ በሕይወት አልኖርም። ለሚመጣው ዓመት ደግሞ ዶኛ ኡፔንግን ለምኜ ኢሳቤልን አስመጣለሁ። ያኔ ጥልፉን እህቴ ትጠልፋለች። አንዲት አበባ ጠማማ ብትሆን ሁሉንም አስፈታታለሁ።"

"ለጠላቴም ቢሆን ጠማማ አልጠልፍም በልልኝ" አልኩ።

"ተስማምተዋል" አለ ኩያ ታሲዮ ለዓሣው፣ እና መብላት ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ከሰዓት ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን አበባ ለማቅረብ ስሄድ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ እተወዋለሁ። ስመለስ አቴ ቻሪንግ ጓዳ ገብታለች። እጅጌው ግን ከትናንቱ ከፍ ብሏል። በውስጡ አባካ ከሚባለው ሙዝ መሳይ ተክል ክር የተሠራ ደረቅ ወንፊት መሳይ ጨርቅ ገብቷል፣ ሽንሽኑ በጥፍር ተጭኖ ተደርድሯል፣ ጥልፌ የሚያርፍበት ቦታ ላይ በጠመኔ ትንሽ ነጥብ ተደርጎልኛል። ነጥቡን ተከትዬ እጠልፋለሁ። አንድም ቀን ነጥቧን አላለፍኩም። ሳንነጋገር እንደዚያ በደንብ ተግባብተን አናውቅም።

የሰልፉ ዕለት ሊጋያ ዶኛ ኡፔንግ ቤት አረፈች። ልብሱን ያለበስኳት እኔ ነኝ። በፊልም ካየኋት ታንሳለች፣ በጥቁረት ግን ከእኔ እኩል ናት፤ ክንዴን ከክንዷ አጠገብ አድርጌ በስርቆት አይቼዋለሁ። መስታወቱ ፊት ቆማ ወደ ትከሻዋ ዞር አለች።

"እጅጌውን ማን ነው የሠራው፣ አቴ?" አለችኝ።

ቃል ገብቻለሁ። "እናታችን" አልኳት። አንገቷን ቀና አደረገች፤ ልብሱ ውስጥ አደገች ማለት ይቻላል።

የሰልፉ ሰዎች እንደ ልማዳቸው የቅስቱን እንጨት እንድይዝ ጠሩኝ። "ዘንድሮ ሌላ ይሸከመው፣ እኔ የማየው አለኝ" ብዬ ዳቦ ቤቱ ጥግ ሄድኩ፤ መንገዱ የሚሰፋው እዚያ ነው። ኢሳቤላውያንም ቢጫ ሻርፓቸውን አስረው እዚያው ተደርድረው ነበር፣ አለቃቸው አቴ ቻሪንግ መሐላቸው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የማርሽ ባንዱ ተሰማ፣ ሻማው መጣ፣ ትናንሾቹ ንግሥቶች አለፉ። ሊጋያ ከመታጠፊያው ብቅ ስትል ኢሳቤላውያን በአንድ ጊዜ ጀርባቸውን ሰጡ። አቴ ቻሪንግም ዞረች። ከዚያ ከቦርሳዋ የምትዘጋዋን ትንሽ መስታወት አወጣች፣ ሊፕስቲክም አወጣች፣ ፊቷ ላይ ያዘችና ከንፈሯን ትቀባ ጀመር።

ሊፕስቲኩ ክዳኑ አልተከፈተም።

መስታወቱን ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ላይ ታደርጋለች። ምን እንደምትከተል ገባኝ። ሳቄን ዋጥኩ።

"ኢሲንግ" አለች። ታሲዮ አጠገባችን አልነበረም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስሜን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። "ግራው በጣት ያህል ወርዷል።"

"አልወረደም።"

"ወርዷል፣ እያየሁት?"

"በመስታወት ነዋ የምታይው። ግራ ያልሽው ቀኙ ነው። መስቀሉን የያዘችበት ክንድ ስለሆነ ነው፤ አሁን ቀና ታደርገዋለች።"

መስታወቱን አቀረበች፣ አራቀች። አላመነችኝም። እኔን ማመን ለእሷ ቀላል አይደለም፣ ያንን እጅጌ በመስታወት ብቻ አይቶ መተው ደግሞ ከዚያ ይከብዳታል። ከዚያ በማኅበሯ ሁሉ ፊት ሙሉ ለሙሉ ዞረች።

"አቴ ቻሪንግ፣ ምን ነካሽ?" አለች የማኅበሩ ምክትሏ፣ ጀርባዋን እንደሰጠች።

"የእናቴን እጅጌ ነው የማየው። ዝም በይ።"

ሊጋያ ፊት ለፊታችን ደረሰች። ሁለቱም እጅጌዎች ቆመዋል፣ እኩል፣ ከጆሮዋ ትንሽ ዝቅ ብለው። ወርቃማው ጨርቅ ላይ የሻማው ብርሃን አርፎ፣ ሥሩ ያ ጠይም ትከሻ። ድፍን ከተማ፣ ጥቁር ልጅ እንጨት ትሸከም የሚለው ከተማ፣ አንገቱን ሰበረላት። እንባዬ ሲወርድ አልጠረግኩትም።

አቴ ቻሪንግ ዓይኗን ሳትነቅል ቆየች። "ይኼ ጨርቅ እኔ ለብሼው ሞቶብኝ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "በጠይም ላይ ነው ለካ የሚያበራው።"

ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁት ቃል ይኸው ነበር። "ከሰል እኮ ነው" አልኳት። "ሲበራ አይተሽ አታውቂም?"

ፊቷ ቀላ፤ ቀይ ሰው መደበቅ አይችልም። ሊጋያ እስክታልፍ፣ የጀርባዋን ሽንሽን ሳይቀር እስክታይ ቆመች። ከዚያ መስታወቷን ቀጭ አድርጋ ዘጋችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

"ያዢው" አለችኝ። "ለከርሞ ያስፈልግሻል።"