የተኙትን ብቻ

ለንደን፣ ቶተንሃም ውስጥ ዘርይሁንን የማያመሰግን ሐበሻ አልነበረም። ትዕግሥቱ፣ ጨዋነቱ ይወራል። ቤቱ ገብቶ ያየው ግን የለም።

ሚስቱ ብፅዓት ከ1994 ገና ወዲህ ከአልጋ ወረደች አይባልም። ሐኪሙ ድብርት ነው ቢልም ዘርይሁን ስንፍና ነው ብሎ ደምድሟል። ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብሷን ይገፋል፣ ክንዷን ይዞ ይጎትታታል፣ «ተነሺ! አንቺ ሬሳ!» እያለ በጥፊ ያጮላታል። እሷ አትጮኽም፣ አታለቅስም። የአራት ዓመቷ ልጃቸው ቢታንያ ነርሰሪ እስኪያደርሳት የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች።

አንድ ቀን ነርሰሪው ጠራው። ቢታንያ የአንድ ልጅ ከንፈር በጫማ መትታ አድምታለች። ኃላፊዋ ይህን እየነገረችው ሳለ ዓይኑ በመስታወቱ በኩል ወደ ውስጥ ሄደ። የምሳ እንቅልፍ ሰዓት ነው። ቢታንያ ቁጭ ብለው የሚጫወቱትን አልፋ ዓይኗን የጨፈነች ልጅ አጠገብ ተንበረከከች። ብርድ ልብሷን ገፈፈች፣ ክንዷን ጎተተች፣ በጥፊ አጮለቻት።

«ተነሺ! አንቺ ሬሳ!» ድምፅዋን እንደ ወንድ አጎርንናለች። ሞግዚቷ ሮጣ እስክትደርስ ደገመቻት።

«ሁልጊዜ ይህንኑ ነው የምትለው» አለች ኃላፊዋ። «ትርጉሙን ቢነግሩን ልንረዳት እንችል ነበር።»

«የጨዋታ ቃል ነው፤ ትርጉም የለውም።»

«እንግዲያው ከደገመች ለሶሻል ሰርቪስ ማሳወቅ ግዴታችን ነው።»

ሶሻሎች ልጅ ወስደው አልመለሱም ሲባል ሰምቷል። ልጁን ደግሞ ይወዳታል፤ ይኼ ውሸት አይደለም።

«ሁለተኛ ሰው እንዳትመቺ» አላት መንገድ ላይ።

«የተኙትን ብቻ ነው'ኮ አባዬ።»

ቤት ሲደርሱ ብፅዓት ጠዋት እንደተዋት ናት። ቢታንያ ጫማዋን አውልቃ ይዛ አልጋው ላይ ወጣች። ብፅዓት ዓይኗን ሳትገልጥ ክንዷን አንሥታ ፊቷን ሸፈነች፤ የለመደችው ነገር ነበር። ዘርይሁን ደነገጠ። እሱ ማታ ሥራ ሲሄድ እዚህ ቤት ምን ሲደረግ እንደሚያመሽ ለካ አያውቅም።

ልጅቷ ዞራ ጫማውን ዘረጋችለት።

«አባዬ፣ አንተ ምታት። እኔ ስመታት አትነሣም።»

ጫማዋ ከመዳፉ አትበልጥም። ጫማዋን እንደያዘ ስልኩ ጋ ሄዶ ነርሰሪው ደወለ። ኃላፊዋ አነሣች።

«ያ የቅድሙ ቃል ትርጉም አለው» አለ። «የተማረችውም ከእኔ ነው።»