ያልተመለሱባቸው ሰባት በሮች

ሰፈሩ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ሰው በጣት ይቆጠራል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በየበሩ እየዞረች ሕፃናት ስትከትብ ስለኖረች ትልቅ ትንሹ «እትዬ መርፌ» ነው የሚላት። እሷም ስሙን ወዳዋለች። ዛሬ ጢም አብቅለው መኪና የሚነዱ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኟት ክንዳቸውን እሽት እሽት እያደረጉ ይስቁባታል፤ እሷም፣ «አንተ እንኳ ጩኸትህ እስከ ታችኛው መንገድ ይሰማ ነበር፣ ዛሬ ትስቃለህ» እያለች ታልፋለች። ጡረታ ከወጣች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ጉልበቷ ያማታል፤ እግሯ ግን ቤት መቀመጥን አልለመደም።

የአገሪቱ መሪ ስለ አዲስ የውሃ ዕቅድ በሬዲዮ የተናገሩ ዕለት ልብስ እያጠበች ነበር። ንጹሕ ውሃ በሁለት ዓመት ውስጥ በየቤቱ ይገባል ሲሉ እጇን ከሳሙናው አወጣችና ቆማ አዳመጠች። ይህች ሴት በአንድ ቀን የክትባት ጠብታ የሰጠችውን ልጅ በሌላው ቀን ተቅማጥ አዝለፍልፎት ስታቅፍ የኖረች ናት። እኛ በጠብታ የሰጠነውን ውሃው በባልዲ ይወስደዋል፣ ትል ነበር ለአለቆቿ፤ ማን ሰምቷት። አሁን ትልቁ ሰው ራሳቸው ያንኑ ሲናገሩ ሰማች። ኋላ ጎረቤቶቿ በእርጅናሽ ፖለቲካ ገባሽ እንዴ ብለው ሲቀልዱባት፣ እኔ የገባሁት ውሃ ውስጥ ነው፣ ብላ መለሰችላቸው።

ምክር ቤቱ ግን አመነታ። ገንዘቡ ለሌላ ይዋል የሚሉ በረቱ። መሪውም እንግዲያው ሕዝቡ ራሱ ከታች ይናገር አሉና በየሰፈሩ የድጋፍ ቅጽ እንዲሞላ ታዘዘ። ለዚህ ሥራ ከጽሕፈት ቤቱ አንድ አስተባባሪ መጣ፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ትሑት፣ ታላቅ ሰው ሲያናግር እጁን አጣምሮ የሚቆም ወጣት። በሰፈሩ ካሉት አራት መቶ ያህል ቤቶች ሦስት መቶው ቢፈርም ይበቃናል አላት።

«እማማ፣ ይሄ ሰፈር ያለ እርስዎ አይነቃነቅም ብለውኛል።»

«ማነው እንዲህ ያለህ?»

«ሁሉም።»

«ይኸው፣ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር አንተ ገና ዛሬ ሰማህ» አለችና ወንበር ሳበችለት።

ልጁ ድምፅ ማጉያ የተሰቀለባት መኪናና የመሪው ፎቶ የታተመበት ካናቴራ ይዞ ነበር የመጣው። መኪናዋንም ካናቴራውንም መለሰችለት። ድምፅ ማጉያ ሕፃን ከማስበርገግ በቀር ምንም አይረባም፣ ሰው የሚያምነው በሩ ላይ ቆሞ የሚያናግረውን ነው አለችው። አሥራ ሁለት ሴቶች መርጣ ሰበሰበች፤ ዳቦ ሻጯ፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ፣ ሌሎችም። መንገዱን ከፋፍላ ሰጠቻቸውና በየእጃቸው አንዳንድ ጠመኔ አስያዘቻቸው።

ጠመኔው የክትባት ዘመቻ ሥርዓት ነው። ከታቾች አንድ ቤት ሲጨርሱ በሩ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ አለዚያ መቶ ቤት ሲዞሩ ውለው የትኛው እንደቀረ አያውቁም። እትዬ መርፌም ያንኑ ሥርዓት አስተማረቻቸው። ለፈረመ ቤት ክብ፣ ሰው ላጡበት ቤት ሰረዝ፣ እምቢ ላለ ቤት መስቀለኛ። በክትባት ሥራ ከሁሉ የሚከበረው ይሄ መስቀለኛው በር ነበር። ሌላው ቤት አንዴ ተሂዶበት ያበቃል፤ እምቢ ያለው ግን በማግሥቱ ሌላ ሰው ተጨምሮ፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሽማግሌ ተይዞ ይኬድበታል። እናት እምቢ ያለችው ፈርታ ይሆናል፣ ተቀይማ ይሆናል፣ ወይም ጥያቄዋን የሚያደምጣት ሰው አጥታ ይሆናል። ተመልሶ መሄድ ማለት እሷን መስማት ነው። እትዬ መርፌ በሠላሳ አራት ዓመቷ ሦስት ጊዜ ተመልሳበት ያልተከፈተላት በር አታስታውስም።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ፤ እንደ ውሃ ወረደ ቢባል ይሻላል። ሰዉ ቅጹን የሚፈርመው ለመሪው ብሎ ይሁን ለእሷ ብሎ ለማወቅ ያስቸግር ነበር። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ቤት ደረሰች።

ታናሽ ወንድሟን ሰዉ ባለጋሪው ይለዋል። መስቀለኛ መንገዱ ላይ ካለው ቦኖ ውሃ ቀድቶ፣ ጀሪካኖቹን በእጅ ጋሪ እየገፋ በየቤቱ ማድረስ ነው ሥራው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነበር፤ አሁን ግን ሴት ልጁ ወልዳ እሱ ዘንድ ናት፣ ጨቅላው ገና ወሩ ነው። እትዬ መርፌ ስትደርስ ጋሪውን ገልብጦ ጎማ ይለጥፋል።

«እታለም፣ መጣሽብኝ» አላት፣ ቀና ሳይል።

«መጣሁብህ። ና ፈርም።»

«የወንድሟን ጉሮሮ የሚቆርጥ ቢላዋ ራሷ ይዛ የምትመጣ እህት ዛሬ አየሁ።»

ቧንቧው ሲገባ ማን ጀሪካን ይገዛኛል ማለቱ ነው። እሷም መልስ ነበራት። ጨቅላውን አነሳችበት፤ ቦይ ለመቆፈርም፣ ቆጣሪ ለማንበብም ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ አለችው። ይህን እነሱ ነግረውሽ ነው ወይስ አንቺ ያሰብሽው ብሎ ጠየቃት። እሷ ደግሞ መዋሸት አትችልምና ብዕሩን ዘረጋችለት። ባለጋሪው ሳቀ። ልጅ ሳሉም እንዲሁ ነበር፤ አንድ ነገር እሺ ለማለት ከልቡ ቢፈልግም እንኳ ሁለት ሦስቴ ሳይለመን አይልም።

«በይ ዛሬ እምቢ ብያለሁ። ጻፊብኝ» አለና በሩን በአገጩ አሳያት።

መስቀለኛውን ራሷ አሰመረችው። እንደ ጨዋታ አድርጋ ከሌሎቹ በር ላይ ካለው አስበልጣ ጻፈችውና፣ እንዳትጠፋኝ ብዬ ነው፣ ነገ ከነጓደኛዬ እመጣብሃለሁ፣ ብላው ሄደች።

የዚያን ዕለት ሥራው ሲያበቃ አስተባባሪው ቅጾቹን ቆጠረ። ሦስት መቶ ሠላሳ አንድ ሆነ። ልጁ ደስታው ፊቱ ላይ ሞላ፤ በከተማው እንዲህ የሞላ ሌላ ሰፈር የለም፣ ነገ በጧት ቅጹን ይዤ እሄዳለሁ፣ እናንተም ዕረፉ አለ። እትዬ መርፌ አልተዋጠላትም። ሰባት መስቀለኛ በር አለ፣ ነገ የእነሱ ቀን ነው አለችው። እሱም በትሕትና፣ ቁጥሩ ሞልቷል እኮ እማማ፣ ለሰባት ሰው ብለው ለምን ጉልበትዎን ያደክማሉ አላት። ጉልበቷ በእርግጥም አብጦ ነበር። እሺ አለች። እሺ ያለችው በዚያች በጉልበቷ ሕመም ነው።

ከዚያ ልጁ ስለ ጠመኔው ጠየቃት። ሌሎች ሰፈሮች እንዲማሩበት ልውሰደው አለ። ሰው ደግሞ ሙያውን ሲያደንቁለት አፉ ይፈታል፤ እሷም እያነከሰች በየመንገዱ አዞረችው። ይሄ የፈረመ፣ ይሄ ቤቱ ያልነበረ፣ ይሄ እምቢ ያለ። ልጁም በስልኩ እያንዳንዱን በር ከነቤት ቁጥሩ ፎቶ አነሳ። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ጣለና ጠመኔውን ሁሉ አጠበው።

ዕቅዱ ጸደቀ። አራት ወር ሳይሞላ ቦይ መቆፈር ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ቤት ቧንቧ ተከፍቶ ውሃው ሲፈስ ያየ ሁሉ በእጁ ነካው፣ ያለቀሰም ነበር። እትዬ መርፌ ከዚያ ቀን የበለጠ ደስታ አላየችም። ቆፋሪዎቹ ወደ ወንድሟ መንገድ ሲገቡ አብራቸው ሄደች። ከባለጋሪው ጎን ላለው ቤት ቅጥያ ቧንቧ አወጡ፤ የባለጋሪውን በር አልፈው ደግሞ ለሚቀጥለው አወጡ። የሠራተኞቹን አለቃ ጠራችው። እሱም የያዘውን ወረቀት በጣቱ ተከትሎ ወረደና፣ ይሄ ቤት የለም አላት።

«እንዴት የለም? ቆሞ እያየኸው?»

«ቤቱማ አለ እማማ። ዝርዝሩ ላይ ነው የሌለው።»

እንደዚያ የታለፉት ሰባት ቤቶች ነበሩ። አናጢው፣ ጡረተኛዋ አስተማሪ፣ ጫማ ጠጋኙ፣ ሌሎች ሦስት፣ ባለጋሪው። በወሩ ደግሞ ሁሉም ሰው ቧንቧ አግኝቷል ተባለና መስቀለኛ መንገዱ ላይ ያለው ቦኖ ተቆለፈ። ለሰፈሩ ሁሉ ውሃ ሲያደርስ የኖረው ሰው ሥራውንም ውሃውንም በአንድ ሳምንት አጣ።

እትዬ መርፌ ጽሕፈት ቤት ሄደች። አስተባባሪው ከፍ ብሏል፤ የራሱ ክፍል፣ የራሱ ጠረጴዛ አለው። ተነሥቶ ተቀበላት፣ ሻይ አስመጣላት፣ ስለ ጉልበቷ ጠየቃት። ጉዳዩን ስትነግረው ኮምፒዩተሩን ወደ እሷ አዙሮ የወንድሟን በር አሳያት። መስቀለኛው ትልቅ ሆኖ ይታያል።

በዚያን ጊዜ ያልፈለጉ ቤቶች ወደ ሁለተኛው ዙር ተላልፈዋል አላት። ሁለተኛው ዙር መቼ ነው ብትለው፣ በጀት ሲፈቀድ። በጀቱስ? እሱ ከላይ ነው። ዛሬ እዚህ ይፈርማል፣ አመጣዋለሁ አለችው፤ ቅጹ ተዘግቷል አላት። እንግዲያው በእኔ ስም ያለውን ለእሱ አዙሩለት አለች፤ ቆጣሪው የቤት እንጂ የሰው አይደለም አላት።

«ልጄ፣ ይህን የወሰነው ማነው?»

ልጁ እውነቱን ለመናገር አሰበበት። ቅጹ ላይ እምቢ ያሉ ቤቶች የሚል ቦታ ነበረ፤ ያንን ሞላ። ከዚያ በላይ ያለውን ማንም አልወሰነውም፤ ሰው ያልተገኘባቸው ቤቶች እንኳ ተራ ደርሷቸዋል፣ እምቢ ያሉትን ብቻ ቅጹ ራሱ ነው የለያቸው። «እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት እማማ። ምልክቱን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አለ፤ ለነገር ሳይሆን ከልቡ ተጨንቆ ነው። ክፉ ቢሆን በተጣላችው። እሱ ግን በር ድረስ ሸኛት፣ ደረጃው ላይ ክንዷን ደገፋት።

ተስፋ አልቆረጠችም። ከታች የመጣ ነገር ከታች ይቃናል ብላ አሥራ ሁለቱን ሴቶች ጠራች፤ ለሰባቱ ቤቶች ሌላ ወረቀት እናስፈርም አለቻቸው። የመጡት ሁለት ናቸው። ዳቦ ሻጯ ቤት ራሷ ሄደች። ሴትዮዋ በሩን በግማሽ ከፍታ ቆመች፤ ግቡ አላለችም፣ እትዬ መርፌን ደጅ ስታቆማት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«እትዬ፣ የፈራሁት እርስዎን አይደለም፤ ወረቀቱን ነው። ለድጋፍ ሲሆን ፈረምን። አሁን እዚያ ላይ ስሜን ባስገባ ነገ የማን ቤት ፎቶ እንደሚነሳ አላውቅም።»

«ለባለጋሪው እኮ ነው። ጀርባውን እያመመው ውሃ ያመላለሰልሽ።»

«አውቃለሁ» አለችና ሴትዮዋ አለቀሰች። በሩን ግን አልከፈተችም።

እንደዚያ ያለ በር በየመንገዱ አገኘች። ቂም የያዘባት የለም፣ ክፉ የተናገራት የለም፤ ሁሉም ይወዷታል፣ ሁሉም በግማሽ በር ነው የሚያናግሯት። በሁለት ሳምንት አሥራ ዘጠኝ ፊርማ አገኘች፤ ከእነዚያም ሰባቱ የራሳቸው የታለፉት ሰዎች ናቸው። ወረቀቱን አስገባች። ማኅተም መቱላትና ይጠብቁ አሏት። ጠበቀች። ሄዳ ስትጠይቅ ያው ማኅተም ነበረ፣ ሌላ ምንም አልነበረም።

ይህን ሁሉ ለወንድሟ ስትነግረው ጨቅላውን ታቅፎ ደጅ ተቀምጦ ነበር። ልጁ ሁለት ቀን ተቅማጥ ይዞት ነበር፤ የጉድጓድ ውሃ ነው ከሩቅ የሚያመጡለት። እትዬ መርፌ እጇን የሕፃኑ ግንባር ላይ ስታደርግ ሠላሳ አራቱ ዓመት ሁሉ በመዳፏ መጣ። ጨው፣ ስኳርና የፈላ ውሃ መጥና አጠጣችው፤ በማግሥቱ ተሻለው።

«ያን መስቀለኛ ባሰመርሽ በማግሥቱ ትመጫለሽ ብዬ» አለ ባለጋሪው፣ ሕፃኑን እያየ፣ «ጋሪውን አላወጣሁም። በር ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። እሺ ልልሽ ነበር።»

ጉልበቴ አሞኝ ነበር ማለት አልቻለችም። ሕፃኑን ከእጁ ተቀበለችው።

በቆጣሪዋ ላይ ከሌላ ቤት ጋር ውሃ መጋራት ያስቆርጣል የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ይቁረጡት አለችና ወንድሟን ከእኔ ቧንቧ ና ቅዳ አለችው። ባለጋሪው መጀመሪያ እምቢ አለ፤ በእኔ የተነሣ አንቺም ልትቀሪ ነው ወይ ብሎ። የልጁ ልጅ ባይሆን ኖሮ አይመጣም ነበር። አሁን በየቀኑ በቀትር፣ ያን ትልቅ ጋሪ ለአንድ ጀሪካን ይዞ ይመጣል። ደንበኞቹ የነበሩ ሰዎች ሲያልፍ ያዩታል፣ ሰላም ይሉታል፣ እግራቸውንም ፈጠን ያደርጋሉ። በቀትር ሰፈሩ ሁሉ ስለሚቀዳ ውሃው ይቀጥናል፤ እንደ ክር ነው የሚወርደው።

እትዬ መርፌ የጀሪካኑን አንገት ይዛ ቧንቧው ሥር ትጎነበሳለች። ተይ አንቺ ግቢ፣ ፀሐይ ነው ይላታል። አትገባም። እሱም ጋሪው እጀታ ላይ ክንዱን አሳርፎ ይቆማል፤ ጎረቤቱ በመስኮት መጋረጃውን ሲመልስ ሁለቱም እንዳላዩ ይሆናሉ።

«ሞላ?» ይላታል ቆይቶ።

«ገና ነው» ትለዋለች።