በአንድ ቃል የተሸጠ ሄልሜት

ሰንበታ ሰው ማመን ከተወ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ታላቅ ወንድሙን ጠቁሞ ያሳሰረው አብሮ እድር የሚቀመጥ ጎረቤት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ሰላም ሲለው እንኳ «ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» ይላል። ለነገሩ በዚያ ዘመን አዳማ ውስጥ እንዲህ የማይል ቢኖር ወይ ሕፃን ነው ወይ ካድሬ።

በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ መሥሪያ ቤቱ ለከብት ክትባት ሥራ ሞተር ሳይክል መደበለት። የመድኃኒት ሳጥን ታቅፎ በአውቶቡስ እየተገፋ ሁሩታ ድረስ ሲመላለስ ለኖረ ሰው ትልቅ ሲሳይ ነው። ኃላፊው ግን ቁልፉን ኪሱ ከተተና፣ «ሄልሜት በራስህ ነው። እስከ ሰኞ ካላመጣህ ሞተሩን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አለው። አዲስ ሄልሜት በደመወዙ የሚሞከር አልነበረም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት አሰላ መውጫ ላይ ወዳለው ሰልባጅ ተራ ወረደ።

መጀመሪያ አንድ የቆዳ ጃኬት አየ። ትከሻው ላይ የማዕረግ መስፊያ ቀዳዳዎች ስላሉበት ሳይነካው አለፈ፤ የማን እንደነበረ ማን ያውቃል? ቀጥሎ አንድ ሳቂታ ነጋዴ ጓንት አሳየው። ስፌቱን ጎተተ፣ አሸተተ፣ ውስጡን ገልብጦ አየ፤ ምንም እንከን አጣበትና ገዛው። ሁለቱም የግራ እጅ መሆናቸውን ያወቀው ቤቱ ገብቶ ነው።

ሄልሜቱን ያገኘው ከአንዲት የወሎ ሴት ሱቅ ነው፤ ቀመሪያ ትባላለች። ነጭ ነው፤ ከተቆለሉት ኮቶች በላይ ለብቻው ምስማር ላይ ተሰቅሏል።

«ስንት ነው እትዬ?»

«ስልሳ ብር።»

ሰንበታ ገበያ ያውቃል። አሥራ አምስት ይላል፤ እሷ በአላህ ትምላለች፤ እሱ ጥሎ ይሄዳል፤ እሷ ትጠራዋለች፤ ሠላሳ አምስት ላይ ይገናኛሉ።

«አሥራ አምስት» አለ፣ ለመሄድ አንድ እግሩን አዘጋጅቶ።

«ውሰደው» አለች።

ሰንበታ ደነገጠ። በመጀመሪያ ቃሉ የተሸጠለት ሰው እንደተሸወደ ያውቃል። ሄልሜቱን አገላበጠ። ስንጥቅ ፈለገ፣ ደም ፈለገ፣ ገበሩን በጣቱ ዳበሰ፤ በራሪ ወረቀት የተደበቀበት ቢሆንስ?

«ያገለገለ ከሆነ ታዲያ ጭረቱ የታለ?» አላት።

«የለውም» አለች አጭር አድርጋ። «አሁን አጥልቀው፣ ልይህ።»

አጠለቀ። ቀመሪያ ማሰሪያውን አገጩ ሥር ራሷ ቆለፈችለት። «ሥራህ በየት ነው?»

«በሁሩታ።»

«እንግዲያው መንገድህ በደጄ ነው። ባለፍክ ቁጥር አድርገኸው ልይህ። በዚህ ነው የሸጥኩልህ።»

ሰንበታ ነገሩን ገጣጠመ። መንገዱን ጠየቀችው፣ ሲያልፍ ማየት ትፈልጋለች፣ ዋጋውን ደግሞ ጥላለታለች። ለቀበሌ የምትሠራ ለመሆኗ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ወንድሙም የተያዘው የሚወጣበትንና የሚገባበትን ሰዓት ቆጥረው ነው። ቢሆንም ሞተሩ እንዳያመልጠው ከፈለና ይዞት ሄደ።

ሰኞ ቁልፉን ተረከበ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ዋናውን መንገድ ትቶ በጓሮ በጓሮ፣ አቧራ እየቃመና ውሻ እያባረረው ከከተማ ወጣ። ሄልሜቱንም ቢሆን አላመነውም። ኃላፊው ፊት ያጠልቀዋል፤ ጥግ እንደዞረ አውልቆ እጀታው ላይ ያንጠለጥለዋል። ለራሱ «ሙቀት ነው» ይለዋል።

አንድ ቀን የጓሮው መንገድ ለዘመቻ ሥራ ተቆፍሮ ጠበቀው። አማራጭ አልነበረም፤ ባዶ ራሱን በቀመሪያ ደጅ ሊያልፍ ፍጥነት ጨመረ። ሴትዮዋ አየችው። ነጠላዋን ጥላ መሀል መንገድ ገባችና ሁለት እጆቿን ዘረጋች። ፍሬን ሲይዝ ጎማው ከጫማዋ አንድ ስንዝር ላይ ቆመ።

አለቀልኝ፣ አለ ሰንበታ በልቡ። አብዮት ጥበቃዎቹ ከየት በኩል እንደሚመጡ ግራ ቀኝ አየ። ማንም አልመጣም። ቀመሪያ ከመቀነቷ አሥራ አምስት ብር ፈትታ ደረቱ ላይ ወረወረችበት።

«ዕቃዬን መልስ!»

«ምን አደረግኩ እትዬ?»

«መሐመድዘይንም እንዲህ ነበር የሚያንጠለጥለው!» አለች፣ ወደ እጀታው እያመለከተች። «ባሌ። በሞተር ጨርቅ ይዞ አቦምሳ ይነግድ ነበር። ግዛ ብዬ ነዝንዤ ያስገዛሁት እኔ ነኝ። ሙቀት ነው ይለኝ ነበር። አምና ኅዳር ዴራ ሳይደርስ ወደቀ። እሱን በቃሬዛ፣ ይሄን እጀታው ላይ እንደተንጠለጠለ አመጡልኝ። ጭረቱ የታለ አላልከኝም? ምን ነክቶት ይጫር!»

ሰንበታ አንገቱን ደፋ። እንዲህ ያፈረበት ቀን ትዝ አይለውም። ከሞተሩ ወርዶ ብሩን አንድ በአንድ ለቀመና በሁለት እጁ መለሰላት። ከዚያ ሄልሜቱን ከእጀታው ፈትቶ አጠለቀው፤ ማሰሪያውን ግን ሳይቆልፍ አገጩን ቀና አደረገላት። ቀመሪያ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ቆለፈችለት፤ እንዳይላላም ሳብ አድርጋ አየችው።

«ስንት ሰዓት ትመለሳለህ?» አለችው።

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እትዬ» አላት። ለምን ትጠይቂኛለሽ አላለም።