ድንኳን ያልገባበት ግቢ

አርባ አራቱ ታቦት ይታዘበኝ፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ጠብታ ውሸት የለበትም። ጎንደር ከተማ ውስጥ አራት ጎረምሶች የእድር ድንኳን ተሸክመው ለቅሶ ቤት ገቡና አንዲት ችካል የሚመቱበት መሬት አጡ።

«ወዴት እናሳርፈው? ትከሻችን ሊገነጠል ነው እኮ!» አለ አንዱ።

የእድሩ ዳኛ አያ ዋኘው ግቢውን ቃኘ። በግራ ቁልቋል፣ በቀኝ ቃጫ፣ ፊት ለፊት እሬትና እንዳሁላ፣ በየመሐላቸው የተነጠፈ ጠጠር። ሟቹ ላቀው ቁልቋሉን ከጠዳ መንገድ ዳር፣ እሬቱን ከድብ ባሕር ቁልቁለት፣ ቃጫውን ከአይከል በማኪና እያስጫነ ያመጣው ነው።

«ይመንጠር» አለ አያ ዋኘው።

«አይነካም!» አለች ይርገዱ ከበረንዳው። ባሏን ቀብራ መመለሷ ነው፤ የመቃብሩ አፈር ገና ከጫማዋ አልረገፈም።

«ምነው እት ይርገዱ? ለቀስተኛው የት ይቀመጥ?»

«እንጃ። ግን አይነካም።»

ለምን እንዳለች ራሷም አላወቀችም። ያን እሾህ ሰባት ዓመት ሙሉ ስትረግመው ኖራለች።

ድሮ ግቢው ሣር ነበር። ቤቱን የሠራው ጣሊያን ነው፤ ሣሩን ያቆየው ግን ላቀው ነው። በከተማው ውሃ ክፍል ቧንቧ ከፋችና ዘጊ ስለነበር፣ ሰፈሩ ቢጠማ የላቀው ሣር አይጠማም ይባላል። የአላፊ አግዳሚ ላሞች በአጥሩ ቀዳዳ አይተውት እንባቸውን ያፈሱ ነበር። ታዲያ አንድ ማለዳ ዶማውን አንስቶ ያን ሣር ገለበጠው።

ምክንያቱን ላልጠየቀው ሰው ሳይቀር ተናገረ። ለጎረቤቱ ለብርቄ «ሣር እባብ ይጠራል» አላት። ለቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ «ጓድ፣ ሣር እኮ ፊውዳል ነው፤ ተጋድሞ ይጠጣል። ቁልቋል ግን ወዝአደር ነው፤ በራሱ ላብ ይኖራል» አለው። ሊቀመንበሩ በስብሰባ ላይ ይህንኑ ደግሞት ተጨበጨበለት።

ለሚስቱ ብቻ ምክንያት አልሰጣትም።

ድንኳን የሌለው ለቅሶ ደግሞ ለቅሶ አይደለም። ሰው ይመጣል፤ «እግዜር ያጥናሽ» ይላል፤ መቀመጫ ሲያጣ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ይርገዱ ፍራሿ ላይ ሆና የሚመጣውንና የሚሄደውን እግር ታያለች። ሳሎኑን ያጣበቡት ጥቂት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«ፍየሌ ያን እሬት የቀመሰች ዕለት» አለች ብርቄ፣ «ሳምንት ሙሉ ፊቷን አጨማድዳ ሰነበተች። ወተቷ እንኳ መርሮ፣ የጠጣው ሁሉ ከሐሞት በሽታ ተፈወሰ!»

አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። አንዷ፣ ከዳር ያለችው እንኳየሁ፣ ረጅም ተነፈሰችና፣ «ልጁ እንኳ ቢኖርላት…» አለች።

«ዝም በይ!» አለች ብርቄ። ሁሉም በሩን አዩ።

ይርገዱ እንዳልሰማች ሆነች። ምሽት ላይ ሁሉም ሲወጣ ዓይኗ ባዶው የላቀው ወንበር ላይ ወደቀ። ራት በልተው ሲያበቁ ማስታጠቢያውን የሚያወጣው እሱ ነበር። ቆሻሻውን ውሃ ይዞ በጓሮ በር ይወጣል፤ ቆይቶ ይመለሳል፤ ሲመለስ ክንዱ ተቧጭሯል።

«ምነው እጅህን?»

«ድመት ናት።»

ድመት አልነበራቸውም።

በሣልስቱ ረፋድ አያ ዋኘው መጥረቢያ ይዞ መጣ። «እት ይርገዱ፣ ዛሬ ሰው በልቶ ይሄዳል። እንግዲህ እንደ ውሻ ቆሞ ይብላ?»

ይርገዱ ደክሟት ነበር። ሰው አጠገቧ ቁጭ እንዲልላት ፈለገች። አንድ ሰው እንኳ፣ ሳይቸኩል፣ ምንም ሳይናገር።

«ቁረጡት» አለች።

መጥረቢያው ሲያርፍበት የቁልቋሉ ነጭ ወተት ፈነጠቀ። በረንዳው ላይ ለቀስተኛው ለምሳ ተሰብስቧል፤ ማስታጠቢያው ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። አያ ዋኘው ከፊት፣ ጎረምሶቹ ከኋላ፣ መሐል ድረስ ቆርጠው ገቡና በድንገት ቆሙ።

«እት ይርገዱ… ነይ እስኪ።»

ነጠላዋን ሰብስባ ገባች። በእሾሁ መሐል፣ ከየትም በኩል በማይታይ ቦታ፣ ሣር ነበር። አረንጓዴ፣ ለስላሳ፣ የድሮው ሣር። ቁመቱ አንድ ሰው ተዘርግቶ የሚተኛበትን ያህል ነው፤ ወርዱም የአንድ ሰው ትከሻ ያህል።

ልጇ አዳሙ እዚያ ላይ ነበር በደረቱ ተኝቶ የሚያጠና። በዚያ በክፉው ዓመት፣ ደብተሩ እንደተገለጠ፣ አብዮት ጠባቂዎች ከዚያው ሣር ላይ አስነስተው ወሰዱት። ሬሳ አልተሰጣቸውም። ድንኳን መጣል፣ ጥቁር መልበስ፣ ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ይርገዱ አንድያ ልጇን አፏ ውስጥ ነጠላ ጎስጉሳ አለቀሰችው። ላቀው ሣሩን የገለበጠው በወሩ ነው። ይኼንን ግን ሰው እንዳይረግጠው፣ ሰው እንዳይጠይቅ፣ በእሾህ አጥሮ አስቀረው። ለእሷም ያልነገራት አፏ ቢያመልጣት ብሎ ይሆናል።

አፏ አመለጣት።

«አዳሙ!» አለች። ሰባት ዓመት ያልተጠራ ስም ነው። «አዳሙዬ! ልጄ!»

በረንዳው ላይ ሲወርድ የነበረ ውሃ እንኳ ማንቆርቆሪያው አፍ ላይ የቆመ መሰለ። ላቀውን ማልቀስ ይቻላል፤ አዳሙን ግን ማን ደፍሮ? የሊቀመንበሩ ቤት እንደሆነ አጥር ተሻግሮ ነው።

«ስብሰባ አለብኝ» ብሎ አንዱ ተነሳ። «ልጅ ትቼ ነው የመጣሁ» አለች እንኳየሁ። ብርቄ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች፣ «ውይ፣ ፍየሏን ሳላስራት!» አለች። እጃቸውን ታጥበው፣ ሳይበሉ፣ አንድ በአንድ ወጡ። ጎረምሶቹም ድንኳኑን እንደተጠቀለለ ተሸክመውት ሄዱ።

መጨረሻ የቀረው አያ ዋኘው ነው። መጥረቢያውን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«ሸጋ ልጅ ነበር» አላት። ወዲያው እሱም ሄደ።

ይርገዱ በረንዳው ላይ ለድንኳኑ የተደረደረውን ባዶ አግዳሚ አየችው። ማስታጠቢያው፣ የሄዱት ሰዎች የታጠቡበት ውሃ እንደሞላበት፣ ደረጃው ላይ ቀርቷል። አነሳችው። ጎንበስ ብላ በእሾሁ መሐል ስታልፍ ቃጫው ክንዷን ቧጨራት።

«ድመት ናት» አለች፤ የሰማት የለም።

ከዚያ ውሃውን በሣሩ ላይ ከራስጌው እስከ ግርጌው፣ ቀስ እያለች፣ አፈሰሰችው።

ምያለሁና ልናዘዝ፤ ከዚህ ሁሉ አንዱን የጨመርሁ እኔ ነኝ። ሣሩ አረንጓዴ አልነበረም። ዘመኑ ድርቅ ነው፤ ላቀውም አልጋ ከያዘ ወዲህ የሚያጠጣው አጥቶ ገለባ ሆኗል። እሷ ግን አጠጣችው።