ባንዲራው ሲወርድ

ያኔ በዴጉ ገበያችን፣ እንደ መላው ኮሪያ፣ በብርዱ ወራት ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባንዲራ ይወርድ ነበር። መዝሙሩ ከድምፅ ማጉያው ሲጀምር ገበያተኛው ሁሉ ባለበት ቀጥ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። የማይቆመውን የምቆጣጠረው ደግሞ፣ ማንም ሳይሾመኝ፣ እኔ ጫማ ሰፊው ዶክቹል ነበርኩ።

ከአኩሪ አተር የተሠራ ቶፉ የሚሸጡት እማማ ቡንሬ አንድ ቀን በመዝሙሩ መሀል ሳህናቸውን ተሸክመው ሲያልፉ ጮህኩባቸው።

"እማማ! አገር ቆሞ እርስዎ የት ነው የሚሄዱት? ሁለተኛ ባገኝዎት ለፖሊስ ነው የምሰጥዎት!"

"አንተ ቁጡ፣ ቶፉዬ ሊቀዘቅዝብኝ ነው እኮ" አሉ እየሳቁ። ግን ቆሙ።

በሳምንቱ መንገዱ በረዶ ሠርቶ ነበር። መዝሙሩ ሲጀምር እማማ ቡንሬ ከሱቄ ፊት ለፊት ድንገት ልቁም ሲሉ አንሸራተታቸውና በጎናቸው ወደቁ። ቶፉው መሬት ላይ ተፈረካከሰ። ከእኔ ሦስት እርምጃ ቢርቁ ነው። ማንም አልተነቃነቀም። እኔም እጄን ደረቴ ላይ እንዳደረግኩ፣ ልቤ ከእጄ ስር እየደለቀ፣ እስኪያልቅ ቆምኩ። ያ መዝሙር እንደዚያን ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም።

እንዳበቃ ሮጬ አጠገባቸው ተንበረከክሁ። ፊታቸው ከሕመሙ የተነሣ አመድ መስሏል፤ ቀኝ እጃቸው ግን ደረታቸው ላይ ነበር።

"አየህ ልጄ" አሉኝ፣ "ዛሬ አልሄድኩም።"